ብርሃን አጣቢው

ከቅዳሴ ወጥቼ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ቆሜ ስልኬን ስከፍት፣ የአክስቴ ልጅ ዘነበች ከሚዛን ተፈሪ ደጋግማ ደውላ ኖሯል። የጅግጅጋ ነፋስ ነጠላዬን ከራሴ ላይ ሊገፍ ይታገለኛል። በአንድ እጄ ነጠላዬን፣ በሌላው ስልኬን ይዤ መልሼ ደወልኩላት። ዘነበች ሰላምታ የምታበዛ ሰው ናት፤ ያን ቀን ግን አሳጠረችው።

«ስለዚያ ስለ መምህርሽ ሰምተሻል አይደል?»

«ስለ መምህር ይርጋ? ምን ሆኑ?»

«ውይ፣ አልሰማሽም እንዴ? እኔ እኮ ሰምተሽ ዝም ያልሽ መስሎኝ ነው። ራሱን ከድልድይ ወርውሮ ሞተ። ጫማውንና ኮቱን አውልቆ፣ አስተካክሎ አስቀምጦ ነው የዘለለው። ካለ ፍትሐት ቀበሩት። በይ እንግዲህ፣ እግዜር ያጥናሽ።»

ያጥናሽ ያለችው ለወጉ ነው። ወዲያው ስለ ዝናቡና ስለ ወንድሟ ሠርግ ማውራት ጀመረች። አልፈረድኩባትም። መርዶ የሚነገረው ለዘመድ ነው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰው አረጋግቶ፣ ቀስ ተብሎ የሚነገረው ደም ላለው ሰው ነው። እኔ ለመምህር ይርጋ ምናቸውም አልነበርኩም። ተማሪያቸው፣ ኋላም የቤተ ሙከራ ረዳታቸው ነበርኩ፤ ለዚህ የሚሆን መርዶ አገሩ የለውም።

እዚያው አጥር ሥር ቀረሁ። ከሞታቸው አስቀድሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያስደነገጠኝ የወሬው ጥራት ነው። ዘነበች ከነገረችኝ ውስጥ አንድም «መሰለኝ»፣ አንድም «ይላሉ»፣ አንድም «እንጃ» አልነበረበትም። ተጠርቦ፣ ተስተካክሎ የመጣ ወሬ ነበር። መምህር ይርጋ ደግሞ ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ይህንኑ ነበር፤ ከሩቅ መጥቶ ጭቃ ያልነካውን ነገር።

እኔ የጌጫ ልጅ ነኝ። ከደጋው ወርጄ ሚዛን ውስጥ በነበረ አንድ የግል የቴክኒክ ኮሌጅ ተማርኩ፤ ስጨርስም እዚያው ከመምህር ይርጋ ጋር ቀረሁ። ኮሌጁ ዛሬ ተዘግቷል። ሕንጻው የእህል መጋዘን ሆኗል ይባላል፤ እኔ አላየሁትም።

ረጅም ሰው ነበሩ፤ ትከሻቸው ወደ ፊት ዘመም ያለ፣ ሲሄዱ ሁልጊዜ አንድ ነገር ጥለው የሚፈልጉ የሚመስሉ። የተወለዱት ቴፒ ነው። ወላጆቻቸው ከወሎ መጥተው በቡና እርሻ ሥራ የሰፈሩ ናቸው። ክፍል ውስጥ እንደ ሌሎቹ መምህራን «ገባችሁ?» ብለው አይጠይቁም። «የቱ ጋ ጠፋሁባችሁ?» ነው የሚሉት። መጀመሪያ ያሾፉ መስሎን ነበር። በኋላ ግን ከልባቸው እንደሆነ ገባን፤ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «እዚህ ጋ» ካለ፣ ጠመኔውን ይዘው ወደዚያው ቦታ ይመለሳሉ፤ ሌላው እስኪያዛጋ ድረስ።

የሚያስተምሩት መልእክት በብርሃን ስለሚሄድበት የመስታወት ክር፣ ሰዉ ፋይበር ስለሚለው ነገር ነው። የግላቸው የዶክትሬት ጥናት ግን ከዚያ ጠበብ ይላል። እሳቸው እንዳስረዱኝ ልሞክረው። ብርሃን ሞገድ ነው፤ ይራመዳል። መልእክት በድምቀቱ ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ ደመቅ ሲል አንድ፣ ደብዘዝ ሲል ዜሮ። በአረማመዱም ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ ድምቀቱ ሳይለወጥ፣ በቀኝ እግሩ ከተነሳ አንድ፣ በግራው ከተነሳ ዜሮ እንደማለት። ይህ ሁለተኛው ሩቅ ይሄዳል። ሆኖም መንገድ ላይ እርምጃው ይዛነፋል። ክሩ ራሱ ያዛንፈዋል፤ አብረውት የሚጓዙት ሌሎች ብርሃኖች ይገፉታል፤ እንዳይደክም በየመንገዱ የሚያጎሉት መሣሪያዎችም ከነዝንፈቱ ያጎሉታል። የተለመደው መፍትሔ ብርሃኑን አቁሞ ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ፣ ማንበብ፣ ከዚያም እንደገና በብርሃን መላክ ነው። መምህር ይርጋ የሚያጠኑት ግን ብርሃኑ ሳይቆም፣ ኤሌክትሪክ ሳይነካው፣ በሌላ ብርሃን የሚቃናበትን መንገድ ነበር። «ብርሃንን ብርሃን ይጠበው» ይሉ ነበር።

ይህችን ቃል አንድ ቀን ሻይ ቤት ተናገሯትና ባጃጅ ነጂዎች ሰሟት። ከዚያ ወዲያ በሚዛን መንገድ ስማቸው «ብርሃን አጣቢው» ሆኖ ቀረ።

«መምህር! ብርሃኑን ሲጨርሱ የኔንም ሸሚዝ ይጠቡልኝ!»

«አምጣው ልጄ፤ ግን ኮሌታው እንዲህ ከሆነ ፀሐይም አትበቃው።»

ይስቃሉ፤ እሳቸውም ይስቃሉ። እኔ ግን ከኋላቸው እየሄድኩ ፊቴ ይቀላል። አንድ ሰው ዕድሜውን የሰጠው ነገር ለባጃጅ ወረፋ መሳቂያ ሲሆን ማየት ደስ አይልም። እሳቸው ይህን አይተው፣ «አስካለ፣ ቢያንስ ስሙን በትክክል ነው የያዙት» አሉኝ።

አጣቢነታቸውን ያልናቀው ሙስጠፋ ብቻ ነው። ከጅማ በኩል የመጡ ቤተሰቦች ልጅ ነው፤ ሱቁ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ነበር፤ ስልክና የስልክ ዕቃ ይሸጣል። መምህር ይርጋ ከክፍል ሲወጡ ሱቁ ደጃፍ ባለችው ዱካ ላይ ቁጭ ይላሉ። አንድ ቀን የክንድ ርዝመት ያላት ቁራጭ ክር አምጥተው፣ አንዱን ጫፍ ለሙስጠፋ አስያዙና በሌላው ጫፍ የስልካቸውን ባትሪ አበሩበት። በሙስጠፋ ጣቶች መካከል ነጥብ ብርሃን ወጣች።

«ሱብሃነላህ! ይኼንን መደርደሪያ ላይ ብሰቅለው ለሠርግ ጌጥ ይገዙኝ ነበር።»

«ይኸው፣ ሐሳብህ ከሱቅ አይወጣም እንግዲህ። ከዚህ እስከ ቴፒ ዘርግተው ወሬ ያሳልፉበታል፤ አንተ ጌጥ ትለዋለህ።»

«ወሬ ከሆነማ ያለ ክሩም ቴፒ ይደርሳል፣ ይርጋ። እንዲያውም ቀድሞ።»

ሁለቱም ሳቁ።

ስለ ኮሪደሩ ልንገራችሁ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ለጥናታቸው ዕቃ አልነበራቸውም። ኮሌጁ ሌዘር ይመጣል፣ ልዩ ክር ይመጣል እያለ ዓመት ሲቆጥር፣ እሳቸው መብራት ባለ ጊዜ በኮምፒውተር ይሞክራሉ፤ መብራት ሲጠፋ በሰው ይሞክራሉ። አንድ ዝናባማ ከሰዓት፣ መብራት ሲጠፋ፣ ክፍሉን ሙሉ አስወጥተው በኮሪደሩ ከዳር እስከ ዳር አሰለፉን። እሳቸው ከፊት ቆመው ያጨበጭባሉ። በየጭብጨባው የመጀመሪያው ተማሪ ወይ ወደ ቀኝ ወይ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ በማሕሌት መቋሚያ ይዘው እንደሚወዛወዙት። የሚቀጥለው ከፊቱ ያለውን አይቶ እንደዚያው ያዘነብላል፤ እንዲህ እየተባለ እስከ መጨረሻው። በቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ያንኳኳል፣ ጭብጨባው በደንብ አይሰማም፣ ሰዉ ይስቃል፣ ይገፋፋል። መጨረሻ ላይ የደረሰው ዝንባሌ የቀኝ ይሁን የግራ ማንም አያውቅም።

«አሁን አስካለን መሀል ላይ እናስገባ» አሉ። «አስካለ፣ አንቺ አጣቢ ነሽ። ከፊትሽ ያለው ትንሽም ብትሆን ወደ ቀኝ ካደላ፣ አንቺ ሙሉ ቀኝ ሁኚ። ወደ ግራ ካደላ ሙሉ ግራ። ግን ጆሮሽ ከእጄ ጭብጨባ አይለይ፤ አንቺ ከእኔ እኩል ካልተራመድሽ ምንም አታጥቢም።»

ሠራ! የተንገዳገደው ሁሉ ከእኔ ሲያልፍ ቀጥ አለ፤ መጨረሻ ላይ የደረሰው ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሆነ። ተማሪው አጨበጨበ። እኔም ኩራት ተሰማኝ። ከዚያ መምህር ይርጋ ያለሁበትን ቦታ ቀየሩት፤ ከመሀል አንስተው ወደ መጨረሻው፣ ዝንባሌው ተበላሽቶ ካለቀ በኋላ አቆሙኝ። እኔም እንደ በፊቱ የመጣልኝን ወደ ሙሉ ቀኝ፣ ወደ ሙሉ ግራ እያደረግኩ አሳለፍኩ። ሲመሳከር ብዙው የተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ። ግን እንዴት ያለ ቀጥ ያለ፣ እንዴት ያለ ያማረ!

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «አስካለ አጥባ ገለበጠችው!» እያሉ ጮሁ። እሳቸው አልሳቁም። ወደ እኔ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺ አላጠፋሽም» አሉኝ። «የመጣልሽን ነው ያጠብሽው። ነገሩ ግማሹን፣ የቀኝና የግራውን መሀል፣ ካለፈ በኋላ የመጣ አጣቢ ስህተቱን አያስተካክልም፤ ያሳምረዋል። ከአንቺ ወዲያ ያለው ሰው ደግሞ የሚጠራጠርበት ምልክት የለውም። ቆሻሻውን ብቻ አይደለም ያጠብሽበት፤ ጥርጣሬውንም አጥበሽ ጣልሽበት።»

ከዚያ ወደ ሁላችንም ዞረው፣ «በጣም የጠራ ነገር ሲደርሳችሁ፣ የት ታጠበ ብላችሁ ጠይቁ» አሉ። ደወል ተደወለ። ሰዉ ወደ ሻይ ሮጠ።

አሁን ወደ ድልድዩ።

ታላቅ እህታቸው ቴፒ ስለሚኖሩ ዓርብ ዓርብ በሚኒባስ ይሄዳሉ። እኔም አንዳንዴ ወደ ጌጫ ስሄድ እስከ ቴፒ አብሬያቸው እጓዛለሁ። መንገድ ላይ፣ ቴፒ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀር፣ አንድ ድልድይ አለ። ፋይበሩ ወንዙን የሚሻገረው በድልድዩ ጎን፣ ከመንገዱ በታች በታሰረ የብረት ቧንቧ ውስጥ ነው። ከላይ አይታይም፤ ለማየት በመከላከያው ብረት ላይ ማጎንበስ ያስፈልጋል። አንድ ክረምት ማሰሪያው ላልቶ ቧንቧው በጎርፉ ላይ ሲወዛወዝ አይተው ለሚመለከታቸው ቢደውሉ፣ «አንተ ማነህ?» ተብለው ስልክ ተዘጋባቸው። ብዙም ሳይቆይ ክሩ ተበጠሰ፤ አገሩ ያለ ስልክ ሰነበተ። ከዚያ ወዲያ መምህር ይርጋ ያንን ድልድይ ዝም ብለው አልፈውት አያውቁም። «ወራጅ አለ» ብለው ሚኒባሱን ያስቆማሉ።

አደራረጋቸው ሥርዓት ነበረው። ኮታቸውን ያወልቃሉ፤ ብረቱ ዝገት ነው፣ ኮት ደግሞ ያላቸው አንድ ነው። ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ የጫማቸው ሶል ያለቀ ስለሆነ እርጥብ ብረት ላይ ያንሸራትታል። መነጽራቸውን ከጫማው ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ አንድ ጊዜ ሲያጎነብሱ ወንዙ ውስጥ ወድቆባቸው፣ ሌላ እስኪያሠሩ ማስታወሻቸውን በክንዳቸው ሙሉ አርቀው እየያዙ ነበር ያስተማሩን። ሩቁን ያለ መነጽርም ደህና ያያሉ። ከዚያ በባዶ እግራቸው የታችኛው ብረት ላይ ይወጣሉ፤ በግራ እጃቸው የብረቱን ምሰሶ ያቅፋሉ፤ ሆዳቸውን በላይኛው ብረት ላይ አስደግፈው ወደ ታች ይሰቀላሉ። ቧንቧውን ያዩና፣ «ታስሯል» ብለው ይወርዳሉ።

ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው አፉን አይሰበስብም።

«መምህር፣ ዓሣ አገኙ?»

«የናንተን ወሬ ነው የማየው፤ በዚህ በኩል ነው የሚያልፈው። ዛሬም ሐሜት ነው።»

«ተዋቸው እባካችሁ፤ ድልድዩን ሊሳለሙ ነው ጫማ ያወለቁት!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። እሳቸውም ጫማቸውን እያጠለቁ፣ «የተበጠሰ ዕለት አንቺም መጥተሽ ትሳለሚዋለሽ» አሏት። እኔ ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ኮሌጁ የተዘጋው እኔ ሥራ አግኝቼ ወደ ጅግጅጋ ከመጣሁ በኋላ ነው። ይመጣል የተባለው ሌዘርም ሳይመጣ ቀረ፤ ሳይገዛ ይሁን ተገዝቶ ሌላ ቦታ ይሂድ አላውቅም። የዶክትሬት ጥናታቸውም መለኪያ ስለሌለው አልተቋጨም። ቴፒ እህታቸው ቤት ገቡ። በስልክ ሳገኛቸው ድምፃቸው ደክሟል። «ምን ይሠራሉ?» ስላቸው፣ «እሄዳለሁ፣ አያለሁ፣ እመለሳለሁ» ይሉኛል። የት እንደሚሄዱ አልጠየቅኳቸውም፤ መጠየቅም አያስፈልገኝም ነበር። አዝነው ነበር፤ ይህን አልክድም። ማዘን ግን ራስን መግደል አይደለም። አገራችን ሁለቱን ለመለየት አይቸገርም፤ ካልፈለገ በስተቀር።

ከዘነበች ጋር ካወራሁ በኋላ ሙስጠፋ ዘንድ ደወልኩ።

«ጋሼ ሙስጠፋ፣ አንተ አይተሃል?»

«እኔ ከሱቅ የት ወጥቼ? ከቴፒ የመጣ የሚኒባስ ሾፌር ነው የነገረኝ።»

«ሾፌሩ አይቷል?»

«እሱ ጫማውንና ኮቱን ነው ያየው፤ መነጽሩ ጫማው ውስጥ እንደተቀመጠ። ሰውዬውን ያዩት ከድልድዩ ወዲህ ቡና የሚያሰጡ ሴቶች ናቸው አለ። እነሱም ከሩቅ ነው፤ ብረቱ ላይ ወጥቶ አይተውታል፣ ቀና ሲሉ የለም።»

«ዘለለ አሉ?»

«እንጃ... ሾፌሩ 'ዘሎ ይሆናል' ነው ያለኝ መሰለኝ።»

«አንተስ ለሰው ስትናገር ምን አልክ?»

ከበስተኋላው የሰው ድምፅ፣ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማኛል።

«ዘለለ አልኩ።»

«'ይሆናል' የምትለዋስ የት ሄደች?»

«አስካለ፣ ማን 'ይሆናል' ይዞ ይዞራል? ሰው ሱቅ መጥቶ ቁርጡን ንገረኝ ነው የሚለው። ጫማው ተደርድሯል፣ መነጽሩ ተቀምጧል፤ ሰው ይህን ሰምቶ ምን ይበል? እኔ ወንድሜን ነው ያጣሁት፤ አእምሮዬም ከኔ ጋር አልነበረም።»

«ጋሼ፣ አንተ እኮ በዚያ ድልድይ ከእሳቸው ጋር ተጉዘህ አታውቅም?»

«እኔ ቴፒ በሞተር ነው የምሄደው» አለና አለቀሰ።

ወሬው የታጠበበትን ቦታ አየሁት። ሴቶቹ ያዩት ሰው ብረት ላይ ሲወጣ ነው፤ ያ እውነት ነው። ሾፌሩ ያየው ጫማ ነው፤ ያም እውነት ነው። ከዚያ ነገሩ ግማሹን አለፈ። ሙስጠፋ ሱቅ ሲደርስ ታጠበ፤ ከሱቁ ሲወጣ ሙሉ ግራ ሆኖ ወጣ፤ ሾፌሮችም ያንኑ ይዘው ወደ ቴፒ ሳይመለሱ አልቀሩም። ከዚያ ወዲያ ሚዛን ይሁን ቴፒ፣ ዕድር ይሁን ቤተ ክርስቲያን፣ የደረሰው ሁሉ ያው አንድ ቀጥ ያለ ቃል ነው። በመስታወት ክሩ ውስጥም አልፎ እኔ ዘንድ ጅግጅጋ ደረሰ። ክሩ ምንም አላዛነፈውም፤ እንደ ተላከለት ነው ያደረሰው። ምናልባትም በዚያው ድልድይ ሥር፣ በዚያው ቧንቧ ውስጥ አልፎ ይሆናል።

አስከሬናቸው ከወንዙ ታች ተገኘ። ድንኳን አልተተከለም። ዕድሩ ጉድጓድ ቆፋሪ ብቻ ልኮ ቀረ። እህታቸው እትዬ ጥሩነሽ ዘንድ ስደውል፣ ማን እንደሆንኩ እስክነግራቸው እንኳ አልጠበቁም። «ነፍስ ይማር» ስላቸው እንባቸው መጣ። «ልጄ፣ ይህን ቃል እስከ ዛሬ አንድ ሰው አላለኝም። ለቅሶ የመጣው ሁሉ በር ላይ ቆሞ መሬት መሬት አይቶ ሄደ። እኔም ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በኋላ በር ነው የምገባው» አሉኝ። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ እንኳ ሲሞት ሙሾ የሚያወርድ አገር፣ ለዚህ ሰው አንድ ቃል ነፈገ። ይህን ለመርሳት ብዙ ጸልያለሁ፤ ገና አልተሰጠኝም።

የመምህር ይርጋን የነፍስ አባትም በስልክ አገኘኋቸው። ጥሩ ካህን ናቸው፤ የሚጨክኑ ሰው አይደሉም። ይህም ነው ይበልጥ ያቆሰለኝ።

«አባቴ፣ ያየ ሰው ነግሮዎታል?»

«የሰማ ሰው ነው የነገረኝ ልጄ። ግን ከዕድርም፣ ከጎረቤትም፣ ከገበያም የመጣው ሁሉ አንድ ቃል ነው የተናገረው። አንዱ እንኳ ከአንዱ ቢለይ ኖሮ እጠራጠር ነበር። ሁሉም አንድ ሲሆን እኔ ምን አደርጋለሁ? ሥርዓቱ ያስረኛል።»

«አንድ የሆነው ከአንድ አፍ ስለወጣ ቢሆንስ?»

ስለ ጫማው፣ ስለ ኮቱ፣ ስለ መነጽሩ ነገርኳቸው።

«አንቺ የምትነግሪኝ የሰውየውን ልማድ ነው፤ ያን ቀን የሆነውን አይደለም» አሉኝ በመጨረሻ። «ልማዱን ተቀብያለሁ። ልቤም ተነክቷል። ግን ያየ ሰው አምጪልኝ። አንድ ይበቃኛል። ፍትሐት ዘግይቶም ይደረጋል፤ የሰው ትዝታ ግን አይጠብቅሽም።»

ከእሳቸው ጋር ስጣላ አደርኩ በልቤ፤ ጠዋት ዳዊቴን ስደግም ግን ልክ ናቸው አልኩ። እኔም ያን ቀን እዚያ አልነበርኩም። «መምህር ይርጋ አልዘለሉም፣ ተንሸራተው ነው» ብዬ ለዓለም ብለፍፍ፣ እኔም ዳግመኛ የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ቆሜ የመጣልኝን ማሳመሬ ነው፤ አቅጣጫው ለልቤ ስለጣመኝ ብቻ። ይህን መምህር አይወዱልኝም። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ እላለሁ። ጫማቸውን ያወለቁበትን ምክንያት አውቃለሁ። መነጽራቸውን ጫማ ውስጥ ያኖሩበትን ምክንያት አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አላውቅም። ሌሊት እየመጣ የሚያስፈራኝም ነገር አለ፤ እሱንም አልደብቅም። ምናልባት ዘነበች ያለችው እውነት ይሆናል። ቢሆንም እንኳ፣ እውነት መሆኑን ማንም ሳያውቅ ነው የፈረደባቸው።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ያን ቀን ከድልድዩ ወዲህ ቡና ስታሰጡ ለነበራችሁ እናቶችና እህቶች፤ ስማችሁን አላውቅም፤ ይህን ማንበብ የምትችል ካለች ለሌሎቹ ታንብብላቸው። በዚያ ሰዓት በመንገዱ ላለፋችሁም፣ በእግርም ይሁን በሞተር። ለመምህር ይርጋ እንድትመሰክሩላቸው አልለምናችሁም። ለእኔ ብላችሁ እንድታዝኑም አልለምናችሁም። ካህኑ ዘንድ ሂዱና ያያችሁትን ብቻ ንገሩ። የሰማችሁትን ቤት ትታችሁ ሂዱ። ያላያችሁት ቦታ ላይ ስትደርሱ «አላየሁም» በሉ፤ እርግጠኛ ያልሆናችሁበት ቦታ ላይ «እንጃ» በሉ፤ ያችን «እንጃ» እባካችሁ ማንም አይጠብባችሁ፤ እንደቆሸሸች አድርሷት።

ሁለት ነገር ብቻ ለማስታወስ ሞክሩልኝ። እግራቸው የቆመው በታችኛው ብረት ላይ ነበር ወይስ በላይኛው? ግራ እጃቸውስ ምሰሶውን አቅፎ ነበር?